184 ከየት መጣ? ለኑክሌር ዲዛይን መምህራን፣ ተቆጣጣሪዎችና ቀጣሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለኑክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪ ተቋማትና ለዲዛይን ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆች፤

ይህን የምንጽፍላችሁ በግፊት ዕቃ ስሌት፣ በብየዳ ማረጋገጫና በቁሳቁስ ስታንዳርድ ሥራ ላይ ያለን መሐንዲሶች ነን። ጉዳያችን አንድ ነው። በኑክሌር ዲዛይን ኮድ፣ ማለትም ዕቃዎቹ በሚሠሩበት የቴክኒክ ደንብ መጽሐፍ፣ ላይ እንዲሠሩ የምትመድቧቸው ወጣቶች ቁጥር ከሠንጠረዥ አውጥተው ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት ያውቃሉ። ያንን ቁጥር ማን፣ በምን ፈተና፣ ለየትኛው ብረት፣ እስከ ስንት ዲግሪና እስከ ስንት ሰዓት ብሎ እንዳወጣው ግን የሚነግራቸው የለም። የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ እየወጡ ነው፤ ዕውቀቱም አብሯቸው እየወጣ ነው። የምንጠይቃችሁን ወደ መጨረሻው እንጽፋለን። አስቀድመን ግን ነገሩ ባዶ ሮሮ እንዳይመስል በቁጥር እናሳያችሁ።

የግፊት ውኃ ሪአክተር ዋናው ዕቃ በብዛት የሚሠራው ኤስኤ-508 ግሬድ 3 ክላስ 1 ከሚባለው ቅይጥ ብረት ነው። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ አስሚ የምንለው ድርጅት፣ በኮዱ ለዚህ ብረት የሚፈቅደው ስትረስ፣ ማለትም በብረቱ ስፋት ላይ የሚያርፈው የውስጥ ኃይል፣ 184 ሜጋፓስካል ነው። ከየት መጣ? የኮዱ ክፍል 3 ለክላስ 1 ዕቃ፣ ማለትም ከፍተኛው የደኅንነት ደረጃ ለተሰጠው፣ የመሳብ ጥንካሬውን አንድ ሦስተኛና የይልዱን ሁለት ሦስተኛ አነጻጽሮ ያነሰውን ውሰድ ይላል። ይልድ ማለት ጭነቱ ሲነሣ ብረቱ ወደ ቦታው መመለሱን የሚያቆምበት ልክ ነው። ዝቅተኛው ይልድ 345 ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 230። ዝቅተኛው የመሳብ ጥንካሬ 550 ነው፤ አንድ ሦስተኛው 183 ከፍርፋሪ። 184 አይደለም። ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ሠንጠረዡ ተሳስቷል ብሎ ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን ተማሪ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። መልሱ ቀላል ነው። ቁጥሩ ሲወለድ በካሬ ኢንች 80 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ ለ3 ሲካፈል 26.7 ሺህ፣ ወደ ሜጋፓስካል ሲዞር 184 ይሆናል። ተጠጋግቶ የተጻፈው 550 የተባለው ነው። ደንቡ ይህንኑ ንጽጽር በሥራ ሙቀትም ያስደርጋል፤ ይህ ብረት እስከ 371 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥንካሬው ብዙ ስለማይወርድ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይቆያል።

አሁን ውፍረቱን እንፈልግ። የዲዛይን ግፊቱ 17.2 ሜጋፓስካል፣ የዕቃው የውስጥ ራዲየስ 2,200 ሚሊሜትር ይሁን። ግፊቱን በራዲየሱ ማባዛት፣ ከ184 ላይ የግፊቱን ግማሽ መቀነስ፣ ከዚያም ማካፈል ነው። 37,840 ለ175.4 ሲካፈል 216 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የትላልቆቹ ሪአክተሮች ግድግዳም በዚሁ አካባቢ ነው። በእርሳስ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ውጤት ከዚህ በጣም ርቆ ከመጣ ስህተቱ የት እንዳለ ከመፈለግ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ የተለመደ ስህተት የውስጥ ሽፋኑ ነው። ዕቃው እንዳይዝግ ውስጡን የሚለብሰው ጥቂት ሚሊሜትር የማይዝግ ብረት በዚህ ስሌት ለጥንካሬ አይቆጠርም። ሞዴሉ ውስጥ ስለተሳለ ብቻ ውፍረት ተደርጎ የሚደመርባቸው ስሌቶች አሉ።

የማይዝጉት ብረቶች ራሳቸው ሌላ ጠባይ አላቸው። ሙቀት ሲጨምር ይልዳቸው ቶሎ ይወርዳል፤ ከይልድ ካለፉ በኋላ ግን እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ ኮዱ በሥራ ሙቀት ካላቸው ይልድ እስከ 90 በመቶ ድረስ ይፈቅድላቸዋል። ይህ የሚከፈለው በጥቂት ቋሚ መለጠጥ ነው። ለቧንቧ ምንም አይደለም፤ በጋስኬት ለሚታሸግ ፍላንጅ፣ በብሎን ለሚታሰር የቧንቧ መጋጠሚያ፣ ግን ያቺው ጥቂት መለጠጥ ፍሳሽ ታመጣለች። ማስጠንቀቂያው በሠንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ሠንጠረዡ ወደ ሶፍትዌር ሲገለበጥ የግርጌው ጽሑፍ አብሮ አይጓዝም።

የስትረስ አመዳደብ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በፋይናይት ኤለመንት፣ ዕቃውን ወደ ትናንሽ ክፍሎች (ኤለመንቶች) ከፍሎ በሚያሰላ የኮምፒውተር ዘዴ፣ የተሠራ ባለቀለም ሥዕል ቀይ የሆነበትን ቦታ ያሳያል፤ ያ ቀይ ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ ግን አይናገርም። በኮዱ ከግፊት የሚመጣው አማካይ ስትረስ ከ184 ማለፍ የለበትም። መታጠፍ ሲጨመርበት ወሰኑ አንድ ተኩል እጥፍ፣ 276 ነው። የሙቀት ልዩነት የሚፈጥረው ሲደመርበት ሦስት እጥፍ፣ 552 ይደርሳል። 552 ከይልዱ ከ345 በላይ መሆኑን ያየ ሰው መደንገጥ አለበት፤ ካልደነገጠ አላነበበውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ግፊት ዕቃው ቢለጠጥም አይለቅም፤ የሙቀት መስፋፋት ግን ብረቱ ጥቂት ሲሸሽለት ይረግባል። በዚያ ላይ 552 የሚለካው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ከይልዱ ሁለት እጥፍ፣ ከ690 በታች እስከሆነ ድረስ ብረቱ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥቂት ይለጠጥና ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሲሞቅም ሲበርድም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ምክንያት የማያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ጥፋት ያጠፋል። ከረጅም ቧንቧ መስፋፋት የሚመጣውን ጭነት «ሙቀት ነው» ብሎ በቀላሉ ሦስት እጥፍ ወደሚፈቀድለት ዓይነት ይወረውረዋል፤ ረጅሙ ጠንካራ ቧንቧ ግን እንደ ተወጠረ ስፕሪንግ ደካማውን የቧንቧ መታጠፊያ ሲለጠጥም እየተከተለ ይገፋዋል፤ አይረግብለትም። ወይም ደግሞ ስትረሱን ወደ አማካይና መታጠፍ የሚከፍልበትን መስመር በብየዳው ጫፍ፣ ቅርጹ በድንገት በሚለወጥበት ነጥብ ላይ ያሳልፋል፤ የዚያን ቦታ ቁጥር የሚወስነው ብረቱ ሳይሆን የኤለመንቱ መጠን ነው። ኤለመንቱን በግማሽ ሲያሳንሰው ቁጥሩ ያድጋል፣ እንደገና ሲያሳንሰው እንደገና ያድጋል።

ከቁጥሮች ሁሉ ታሪኩን በማጣቱ ብዙ የተጎዳው ደግሞ 20 ነው። በተደጋጋሚ ጭነት ምክንያት የሚመጣውን ስንጥቅ፣ ፋቲግ የምንለውን፣ ለማስላት የኮዱ የመጀመሪያ ኩርባዎች የተሠሩት ከላቦራቶሪው አማካይ ኩርባ ላይ ስትረሱን በ2፣ የዙሩን ቁጥር በ20 በማካፈልና ከሁለቱ ዝቅ ያለውን በመውሰድ ነው። ብዙ ሰው 20ን ሲያይ ሃያ ጊዜ የሚበቃ መከታ አለን ብሎ ይተኛል። 20 የተገኘው ግን 2፣ 2.5 እና 4 ተባዝተው ነው። 2 ለፈተና ውጤቶች መበታተን፣ 2.5 ከናሙናው ይልቅ ዕቃው ትልቅ ስለሆነ፣ 4 ለገጽታው ሻካራነትና ለከባቢ አየር። «ከባቢ አየር» ሲባል የታሰበው በላቦራቶሪና በፋብሪካ አየር መካከል ያለው ልዩነት ነበር፤ የ300 ዲግሪ የሪአክተር ውኃ አልነበረም። እያንዳንዱ ቁጥር ቦታው ተይዟል፤ ለውኃው የተረፈ የለም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ለአዳዲስ ሪአክተሮች የውኃውን ጉዳት ለብቻው የሚያስቆጥር መመሪያ ያወጣው በ2007 ነው (በዚህ ደብዳቤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰው አባዢዎቹን ቢያውቅ ኖሮ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ ነበር፤ አንዳንዶችም ጠይቀው ነበር።

ኮድ ከመሬት አይበቅልም። በ1905 በማሳቹሴትስ ግዛት በብሮክተን ከተማ የጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የግዛቱ ሕግና በ1915 የታተመው የመጀመሪያው የአስሚ ቦይለር ኮድ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የኑክሌር ዕቃዎች ክፍል፣ ክፍል 3፣ የወጣው በ1963 ነው። ፈረንሳይ አርሲሲ-ኤም፣ ጀርመን ኬቲኤ፣ ኮሪያ ኬፒክ የሚባሉ የራሳቸውን አበጅተዋል። ቅርባቸው ብዙ ነው፤ ሆኖም የስትረስ ወሰንን ከአንዱ፣ የብየዳ ፍተሻን ከሌላው ቆርጦ መስፋት አይቻልም። አንዱ ኮድ በስሌቱ የለቀቀውን በፍተሻው ያጠብቃል፤ ሁለቱንም ልል ክፍል የመረጠ ሰው ማንም ያልፈቀደውን ዕቃ ይሠራል።

አሁን ከወረቀቱ ወደ ብረቱ እንውረድ፤ ትምህርት ክፍሎች ፈጽሞ የረሱት እዚህ ነው። ብረት በቀዝቃዛ ሙቀት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከአንድ የሙቀት ልክ በላይ ግን ይለጠጣል። ይህንን ልክ ለማግኘት መጀመሪያ ክብደት እየጣሉ ናሙና በመስበር መነሻ ሙቀቱን ይለያሉ። ከዚያ በ33 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሦስት የቻርፒ ናሙናዎች በመዶሻ ምት ይሰበራሉ፤ እያንዳንዳቸው 10 በ10 በ55 ሚሊሜትር፣ መሐላቸው ላይ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቪ ቅርጽ የተቆረጠባቸው። ሦስቱም ቢያንስ 68 ጁል መምጠጥና 0.89 ሚሊሜትር ወደ ጎን መስፋት አለባቸው። አማካያቸው አይደለም፤ እያንዳንዳቸው። አንዱ 60፣ ሌሎቹ 80 ቢሆኑ አማካዩ ያልፋል፣ ብረቱ ግን ወድቋል፤ ሙቀቱን ጨምሮ እንደገና መፈተን ነው። ናሙናውም የሚቆረጠው ብረቱ ሲቀጠቀጥ በተሳበበት አቅጣጫ ሳይሆን በተሻጋሪው፣ በደካማው በኩል ነው።

ያ ልክ በኒውትሮን ድብደባ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ይወጣል። የሚያባብሱት መዳብ፣ ኒኬልና ፎስፈረስ ናቸው። በቀድሞ ዕቃዎች ብየዳ ውስጥ መዳብ የበዛው ከምን ይመስላችኋል? የብየዳ ሽቦው እንዳይዝግ በመዳብ ይለበጥ ስለነበር ነው። አንድ ሰው ሽቦን ከዝገት ለመጠበቅ ያደረገው ነገር ከ30 ዓመት በኋላ የሪአክተሩን ዕድሜ የሚወስን ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ደንብ የመለያ ወሰኑን፣ ያ ልክ ሲያልፈው ተጨማሪ ትንተና የሚጠየቅበትን ሙቀት፣ ለፎርጂንግ (ተቀጥቅጦ ለተሠራ ብረት)፣ ለሰሌዳና ከላይ ወደ ታች ለሚሄድ ብየዳ 132፣ ለዙሪያ ብየዳ 149 ዲግሪ አድርጎታል። ልዩነቱ የመጣው ሲሊንደርን ለሁለት የሚሰነጥቀው የግፊት ኃይል ከዙሪያው ስንጥቅ ይልቅ በቁመቱ ስንጥቅ ላይ እጥፍ ስለሚሆን ነው። ይህን በአንደኛ ዓመት የተማረ ተማሪ ቁጥሮቹን መሸምደድ አያስፈልገውም።

በፈረንሳይ የሚገኘው የፍላማንቪል 3 ሪአክተር ጉዳይ በየክፍሉ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው። የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ በሚያዝያ 2015 እንዳስታወቀው በሪአክተሩ ዕቃ ክዳንና ታችኛው ጉልላት መካከለኛ ክፍል ላይ ካርቦኑ 0.30 በመቶ ገደማ ተገኘ፤ የሚጠበቀው ከ0.22 ያልበለጠ ነበር። የመምታት ፈተናው እስከ 36 ጁል ወረደ፤ ደንቡ 60 ይላል። ምክንያቱ አዲስ ነገር አይደለም፦ በጣም ትልቅ የቀለጠ ብረት ሲረጋ ካርቦኑ መጨረሻ ወደሚረጋው ክፍል ይሸሻል። ያ ክፍል በቀጥቃጩ ተቆርጦ ካልተጣለ ወይም በክፍሉ መካከል ላይ ከቀረ እዚያው ይኖራል። ናሙና የሚቆረጠው ደግሞ ከጠርዝ ነው፤ ከጠርዝ የተቆረጠ ናሙና ስለ መሐሉ አይመሰክርም። ከብዙ ተጨማሪ ፈተና በኋላ ዕቃው ቢፈቀድም ክዳኑ እንዲለወጥ ተወስኗል። የቅልጥ ምድጃ አይቶ የማያውቅ መሐንዲስ «ናሙናው ከየት ተቆረጠ?» የሚለውን ጥያቄ አያነሣም።

ኮዱ የማይናገረውን ማወቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድ ብረት በክፍል 2 ሠንጠረዥ ውስጥ መኖሩ ጥንካሬው ተረጋገጠ ማለት ነው፤ በዚያ ውኃ ውስጥ አይበላም ማለት አይደለም። እሱን መወሰን የባለቤቱና የዲዛይን መግለጫው ፈንታ ነው። አሎይ 600 የሚባለው የኒኬል ቅይጥ ሕጋዊ ቁሳቁስ ነበር፤ ክሮሚየሙ ከ14 እስከ 17 በመቶ ሆኖ በሞቀ የሪአክተር ውኃ ውስጥ ተሰነጠቀ። በ2002 በአሜሪካው ዴቪስ-ቤሲ ከተሰነጠቀ የክዳን ቧንቧ ያመለጠ ቦሪክ አሲድ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ብረት በልቶ፣ ግፊቱን የያዘው ከ1 ሴንቲሜትር የቀጠነ ሽፋን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከላይ ለጥንካሬ አይቆጠርም ያልነው ሽፋን! ዛሬ ቦታውን የያዘው አሎይ 690 ከ27 እስከ 31 በመቶ ክሮሚየም አለው። በጃፓን ሚሃማ 3 በ2004 የፈነዳው ቧንቧም 10 ሚሊሜትር የነበረ ግድግዳው በውኃ ፍሰት ተልጦ ቀጥኖ ነበር፤ 5 ሰዎች ሞቱ። ያ ቦታ ሥራ ከጀመረበት ከ1976 ጀምሮ በፍተሻ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም ነበር።

ስለ ከፍተኛ ሙቀት ሪአክተሮች ብዙ ደስታ እንሰማለን። የአስሚ ክፍል 3 ዲቪዥን 5 ለክላስ ኤ ዕቃ የሚፈቅዳቸው ቅይጦች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ 304ኤች፣ 316ኤች፣ 2¼ ክሮም-1 ሞሊብዲነም፣ ግሬድ 91፣ አሎይ 800ኤች፣ አሎይ 617። የመጨረሻው እስከ 950 ዲግሪና እስከ 100,000 ሰዓት የተፈቀደው ከዓመታት ፈተና በኋላ ነው። ለምን እንደሚዘገይ ሂሳቡ ይናገራል። 100,000 ሰዓት ማለት 11 ዓመት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ የ60 ዓመት ሪአክተር 525,600 ሰዓት ይጠይቃል። ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ማፍጠን ይቻላል። ሙቀትንና ጊዜን በሚያያይዘው በላርሰን-ሚለር ስሌት፣ ቋሚውን 20 ብንወስድ፣ በ650 ዲግሪ 300,000 ሰዓት የሚቆይ ናሙና በ750 ዲግሪ በ970 ሰዓት ገደማ ይበጠሳል፤ በ40 ቀን። ያማልላል። ነገር ግን በ750 ዲግሪ ብረቱ የሚበጠስበት መንገድ በ650 ከሚበጠስበት የተለየ ከሆነ የ40 ቀኑ ናሙና ስለ ሌላ ብረት ነው የሚናገረው። ለዚህ ነው ኮሚቴዎች ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቅልጦች (ለየብቻ ቀልጠው የወጡ ብረቶች)፣ በብዙ ሙቀት፣ ከብየዳ ናሙና ጋር የሚጠይቁት። ግሬድ 91 ደግሞ በሠንጠረዡ ላይ አንበሳ ነው፤ ከብየዳ በኋላ ሲሞቅ ምድጃው ከ800 ዲግሪ አልፎ የብረቱ ውስጣዊ አወቃቀር የሚለወጥበትን ነጥብ ከነካ ግን የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ጥንካሬው ከወረደ በኋላ በዓይን አይታይም፤ የሚያሳብቀው የምድጃው የሙቀት መዝገብና የጥንካሬ ልኬት ነው።

የብረቱ የምስክር ወረቀት ላይ ፊርማውን አይቶ ማለፍ እንደ ፍተሻ የሚቆጠርበት ቢሮ አለ። መታየት ያለበት የቅልጡ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መግጠሙ፣ የኬሚካል ትንተናው ከቅልጡም ከተጠናቀቀው ብረትም መወሰዱ፣ ናሙናው ከውፍረቱ ሩብ ጥልቀት መቆረጡና ዕቃው በብየዳ ጊዜ የሚያልፍበትን የሙቀት ሰዓት ያህል አስቀድሞ መሞቁ ነው። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥንካሬ እውነት ነው፣ ግን ገና ላልተበየደ ብረት። በኮሪያ በ2012 እና በ2013 የተጭበረበሩ የዕቃ ማረጋገጫዎች ተገኝተው ሪአክተሮች መቆማቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

ትምህርት ክፍሎች፦ የስትረስ አመዳደብንና የስብራት ሳይንስን አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስጡት፤ ፋይናይት ኤለመንት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፈተናው ላይ ሠንጠረዡን ስጧቸውና ቁጥሩ ከየት እንደወጣ አስመልሷቸው።

ቀጣሪዎች፦ አዲሱን መሐንዲስ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ስድስት ወር ከቢሮ አውጡት። ቅልጥ ቤት፣ ቀጥቃጭ ቤት፣ ብየዳ፣ የመሰባበሪያ ላቦራቶሪ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። በሁለተኛው ዓመት አንድ የቆየ የስትረስ ሪፖርት ያለ ኮምፒውተር እንደገና ይሥራ። በሦስተኛው ዓመት በኮድ ኮሚቴ የሥራ ቡድን ውስጥ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ለማዳመጥ። በኮሚቴው የተቃውሞ ድምፅ የሰጠ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ ኮድ እንዴት እንደሚታሰብ የሚታየው በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው። ኮሚቴ ላይ የሚውለውን ሰዓት ከፕሮጀክት የተሰረቀ አታድርጉት፣ በየዓመቱ ተኩል ወደ ሌላ ሥራም አታዛውሩት። ጀማሪው የኮዱን ዕትም እንዲያከብርም አስተምሩት። የአስሚ ኮድ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለአንድ ዕቃ የሚሠራው ግን በውሉና በፈቃዱ የተጻፈው ዕትም ነው። ከአዲሱ ዕትም አንድ አንቀጽ መዋስ ቢቻልም የተያያዙትን አንቀጾች ሁሉ አብሮ መውሰድ ግዴታ ነው፤ ተቆጣጣሪው መቀበሉም ለብቻው ይታያል።

ተቆጣጣሪዎች፦ አንድን ደንብ ስትቀበሉ ወይም ስትገድቡ የቴክኒክ ምክንያቱን አብራችሁ አትሙ። በጡረታ ሊወጡ ያሉትን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ጠይቋቸው፦ ይህ 3፣ ይህ 20፣ ይህ 33 ዲግሪ ከየት መጣ? መልሱን ከፈተናው ሰነድ ጋር አስቀምጡት። በሚቀርብላችሁ እያንዳንዱ የስትረስ ሪፖርት ላይም ከቁጥሩ ጎን አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንዲኖር እዘዙ፤ ዕትሙ፣ የሠንጠረዡ መስመር፣ የግርጌ ማስታወሻውና የሚያበቃበት ሙቀት የሚጻፉበት። ዓምዱን ባዶ የተወ ሪፖርት ሳይነበብ ይመለስ።

ከአክብሮት ጋር፣
በግፊት ዕቃና በቁሳቁስ ስታንዳርድ ሥራ ላይ ያለን መሐንዲሶች